ከብት የሚታከምበትን ቤት ማከም፦ የእንስሳት ሆስፒታል ንጽሕና በፊዚክስ ዓይን

ሆስፒታል ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው ሰው የሚታከምበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ እንስሳትም የራሳቸው ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አሏቸው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1979 በቢሾፍቱ የተመሠረተውና ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ በመባል የሚታወቀው ተቋም ሐኪሞችን ከማሠልጠን ጎን ለጎን የታመሙ እንስሳትን ያክማል። በየወረዳው ያሉት አነስተኛ ክሊኒኮችም በገበያ ቀን ከብት፣ በግ፣ አህያና የጋሪ ፈረስ ይዘው የሚመጡ ገበሬዎችን ያስተናግዳሉ።

እነዚህ በሽተኞች ከሰው በሽተኛ የሚለያቸው ጠባይ አለ። ሲያስላቸው አፋቸውን አይሸፍኑም፤ ቁስላቸውን ይልሳሉ፤ በተኙበት ይጸዳዳሉ፤ አጠገባቸው ካለው ገንዳ ሁሉ ይጠጣሉ። በዚህም የተነሣ ሐኪሙ በመድኃኒት የሚያድነውን እንስሳ ወለሉ፣ ባልዲው፣ የሙቀት መለኪያውና የሐኪሙ የራሱ እጅ መልሰው ሊገድሉት ይችላሉ።

«የፊዚክስ መምህር ስለ ጋጣ ጽዳት ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ንጽሕና የመጠን፣ የጊዜ፣ የሙቀትና የግፊት ጉዳይ ነው። እነዚህ አራቱ ሲዛቡ በጣም ውድ የሆነው ጸረ ተሐዋስያን መድኃኒት እንኳ ቀለም ካለው ውሃ አይሻልም። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

በሩን የዘጋው ሆስፒታል

በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው የኒው ቦልተን ማዕከል በትልልቅ እንስሳት ሕክምና በዓለም ደረጃ ስሙ ከሚጠሩት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይህ ሆስፒታል ለሦስት ወራት ያህል በሩን ለመዝጋት ተገደደ። ምክንያቱ ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲኮችን የተላመደ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ዝርያ ነበር። በወረርሽኙ 61 እንስሳት የተያዙ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ኪሣራውም ከ4 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆኖ ተገምቷል። ሆስፒታሉ እንደገና የተከፈተው ሰፊ የጽዳትና የጥገና ሥራ ተከናውኖ፣ ቋሚ የተሐዋስያን መከላከያ ሥርዓት ከተዘረጋ በኋላ ነው።

ይህ የአንድ ተቋም ዕድለ ቢስነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት 38 የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታሎችን ጠይቆ፣ 31ዱ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ የሆስፒታል ውስጥ ወረርሽኝ እንደገጠማቸው አረጋግጧል። ከሁሉም ጎልቶ የታየው ተሐዋስ ሳልሞኔላ ነበር። ባክቴሪያው ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ከዳንኤል ሳልሞን ነው። እርሳቸው በሚመሩት ቤተ ሙከራ ባልደረባቸው ቴኦባልድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1885 ባክቴሪያውን ከአሳማ ለይተው ማውጣታቸው ይታወሳል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከተላመደ ሐኪሙ የሚተማመንበት ዋነኛ መሣሪያ መጥረጊያው፣ ሳሙናውና ውሃው ይሆናል። ከዚህም በላይ ሳልሞኔላ ከእንስሳው ወደ ጠባቂው፣ ከጠባቂውም ወደ ቤተሰቡ የሚተላለፍ በመሆኑ ጉዳዩ የከብት ብቻ አይደለም።

ሁሉም ተሐዋስ እኩል አይሞትም

ተሐዋስያን በጸረ ተሐዋስያን መድኃኒት የሚሞቱበት ቅለት እንደ አካላቸው አሠራር ይለያያል። በቀላሉ የሚሸነፉት በስስ የስብ ሽፋን የተጠቀለሉት ቫይረሶች ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ፣ የደስታ መሰል በሽታ ቫይረስ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው የደስታ በሽታ ቫይረስ ከዚህ ወገን ናቸው። ሳሙና ስብን ስለሚያሟሟ ሽፋናቸውን ይበትነዋል። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ወደ ሕክምና ከመሄዱ በፊት ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እንዲታጠብ የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በመካከል የሚገኙት እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ተራ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በሰም መሰል ሽፋኑ ምክንያት ከእነርሱ ይጠነክራል። የስብ ሽፋን የሌላቸው ቫይረሶችም ጠንካሮች ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓለምን ያዳረሰው የውሾች ፓርቮ ቫይረስ በተበከለ ቦታ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። የአፍተግር ቫይረስም የስብ ሽፋን የለውም፤ ነገር ግን አሲድንም ሆነ ጠንካራ ሶዳን ስለማይቋቋም የራሱ ደካማ ጎን አለው። ስለዚህ መድኃኒት የሚመረጠው በዋጋው ወይም በሽታው ሳይሆን በተፈራው ተሐዋስ ዓይነት ነው።

ከሁሉም በላይ ጠንካራ የሚባሉት ስፖር የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስፖር ማለት ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን ለማሳለፍ የሚገነባው ደረቅ ምሽግ ነው። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ዋነኛው ምሳሌ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. የአባ ሰንጋ ሙከራ ያካሄዱባት ግሩይናርድ የተባለች የስኮትላንድ ደሴት ከአደጋ ነፃ መሆኗ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ያውም እ.ኤ.አ. በ1986 መሬቷ በባሕር ውሃ በተበረዘ 280 ቶን ፎርማልዴሃይድ ከታከመ በኋላ ነው። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድን መከፈት የለበትም የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ባክቴሪያው ወደ ስፖርነት የሚለወጠው የአየር ኦክስጅን ሲያገኝ ስለሆነ፣ ቢላዋ ማንሣት ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ብክለትን እንደመዝራት ይቆጠራል።

የመቶኛ ማታለያ

በብዙ ጸረ ተሐዋስያን ጠርሙሶች ላይ «99.99 በመቶ ይገድላል» የሚል ጽሑፍ እናነባለን። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ምን ያህል ቀረ የሚለውን ካልጠየቅን ያታልለናል።

አንድ የጋጣ ወለል ላይ 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ አለ እንበል። ከዚህ 99.99 በመቶው ቢሞት 10,000 ይቀራል። አሁን ደግሞ መጀመሪያ ፋንድያውና ጭዱ ተጠርጎ፣ ወለሉ በሳሙና ታጥቦ 99 በመቶው ከቦታው ተወገደ እንበል። የቀረው 1 ሚሊዮን ነው። ያው መድኃኒት በዚህ ላይ ሲፈስ 100 ብቻ ያስቀራል። ጽዳቱ አንድም ባክቴሪያ ባይገድል እንኳ የመጨረሻውን ውጤት በመቶ እጥፍ አሻሽሎታል።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። መድኃኒቱ በፋንድያ ላይ ከፈሰሰ 99.99 በመቶ መግደሉ ራሱ ይቀራል። ለምሳሌ በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የባክቴሪያን ሥጋ ከሣር ቅሪት፣ ከደም ወይም ከመግል ለይቶ አያውቅም። ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል፤ በዚያውም ያልቃል። በዚህ ሁኔታ የሚገድለው 90 በመቶ ብቻ ቢሆን ከ100 ሚሊዮኑ 10 ሚሊዮን ይተርፋል።

የአሟሟቱ ሕግ የፊዚክስ ተማሪዎች በራዲዮአክቲቭ መፈራረስ ትምህርት ከሚያውቁት ጋር ይመሳሰላል። በእኩል ጊዜ ውስጥ የሚሞተው እኩል ቁጥር ሳይሆን እኩል ድርሻ ነው። በየደቂቃው 90 በመቶ የሚሞት ከሆነ 100 ሚሊዮኑ ወደ አንድ የሚወርደው በስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነው። በሁለተኛው ደቂቃ የሚጠርግ ሠራተኛ አንድ ሚሊዮን ትቶ ይሄዳል።

የመራባት ሕግ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና ምግብ ያገኘ ባክቴሪያ በየ30 ደቂቃው እጥፍ ቢሆን በ10 ሰዓት ውስጥ 20 ጊዜ ይታጠፋል፤ ይህም ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። የቀሩት 100 ባክቴሪያዎች በአንድ ሌሊት ተመልሰው 100 ሚሊዮን ይሆናሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ወለሉን ማድረቅ የሥራው ማሣመሪያ ሳይሆን ከሥራው አንዱ ክፍል ነው።

ሳሙና የሚቀድምበት ምክንያት

ውሃ ብቻውን ጥሩ አጣቢ አይደለም። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ውሃው በቅባታማ ገጽ ላይ ሲያርፍ ይኳላል እንጂ አይዘረጋም። ይህ የገጽ ውጥረት ይባላል። ሳሙና ሲጨመር ውጥረቱ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ ውሃው ተዘርግቶ ወደ ስንጥቅ ይገባል፤ ቆሻሻውንም ከገጹ ያላቅቃል።

የስንጥቅ ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ባክቴሪያ ርዝመቱ ወደ 2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። በሲሚንቶ ወለል ላይ በዓይን በጭንቅ የሚታይ 0.1 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ የዚህ 50 እጥፍ ይሰፋል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 85 ሜትር ስፋት ባለው ሸለቆ ውስጥ እንደመቆም ነው። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ ያልተቀባ የባሕር ዛፍ እንጨትና የአፈር ወለል በፍጹም ጸረ ተሐዋስያን ሊደረግባቸው የማይቻለው ለዚህ ነው። ስንጥቅ መድፈንና እንጨት መቀባት ከመድኃኒት ግዢ መቅደም ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ ባክቴሪያዎች በባልዲና በውሃ ገንዳ ውስጥ ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው በሥሩ ይሸሸጋሉ። ይህን ሽፋን የሚሰብረው የብሩሽ ፍትጊያ ነው።

ሳሙናው ግን ሥራውን ጨርሶ መታጠብ አለበት። በሰፊው ከሚሠራባቸው ጸረ ተሐዋስያን መካከል የኳተርነሪ አሞንየም ውሁዶች አዎንታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው ሲሆኑ፣ ተራው ሳሙና አሉታዊ ሙል አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ተሳስበው ይያያዛሉ፤ ሁለቱም ከሥራ ውጭ ይሆናሉ። ሳሙናን ከመድኃኒት ጋር ደባልቆ «ድርብ ኃይል» መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

ደቂቃዎቹን የሚሰርቅ ትነት

የብዙ ጸረ ተሐዋስያን መመሪያ «10 ደቂቃ ይቆይ» ይላል። ይህ ማለት ገጹ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ ማለት ነው። ፈሳሹ ከደረቀ ሥራው አብሮ ያቆማል።

ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። አንድ ሊትር ፈሳሽ 10 ካሬ ሜትር ላይ ቢዘረጋ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በደንብ በተጨመቀ መወልወያ የተወለወለ ወለል ላይ የሚቀረው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ 0.02 ሚሊ ሜትር እንበል። በደረቅ አየር ውሃ በሰዓት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢተን ይህ ስስ ሽፋን በ6 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። የተጠየቀው 10 ደቂቃ አልሞላም። መፍትሔው ፈሳሹን በብዛት ማፍሰስ ወይም ከመድረቁ በፊት ደግሞ መቀባት ነው። 70 በመቶ አልኮል ከ96 በመቶው የሚመረጥበት ምክንያትም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። በውስጡ ያለው ውሃ ትነቱን ያዘገያል፤ የባክቴሪያው ፕሮቲንም እንዲበላሽ ይረዳል።

ስለ በረኪና ጥቂት ቃላት

በረኪና ርካሽ፣ በየሱቁ የሚገኝና ፓርቮ ቫይረስን እንኳ የሚገድል በመሆኑ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። አቀላቀሉ ግን ልክ ይፈልጋል። 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው በረኪና አንድ ሊትር ወስደን 9 ሊትር ውሃ ብንጨምርበት 0.5 በመቶ የሆነ 10 ሊትር እናገኛለን። ለፓርቮ ቫይረስ በተለምዶ የሚመከረው አንድ እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውሃ ሲሆን፣ አስቀድሞ በጸዳ ገጽ ላይ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት።

በረኪና በብርሃንና በሙቀት ይዳከማል። በመስኮት ሥር በጠራ ጠርሙስ ተቀምጦ የከረመ በረኪና ጥንካሬው በግማሽ ከወረደ በልኩ የተቀዳውም ድብልቅ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ ድብልቁም በየቀኑ አዲስ ይሁን። በእንስሳት ቤት ደግሞ ልዩ አደጋ አለ። ሽንት ሲቆይ አሞንያ ይፈጥራል፤ አሞንያና በረኪና ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ጋጣው በውሃ በሚገባ ሳይታጠብ በረኪና ማፍሰስ ለሠራተኛውም ለእንስሳውም አደገኛ ነው። በረኪናን ከአሲድ ጋር መደባለቅም እንዲሁ ፈጽሞ አይገባም።

ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት ሀገር

እስካሁን የተናገርነው በየትኛውም ሀገር የሚሠራ ነው። አሁን የምናነሣው ግን በተለይ እኛን ደጋ ነዋሪዎችን ይመለከታል።

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በቢሾፍቱ ደግሞ በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱ ቢበዛ ትነቱ ይፈጥናል እንጂ ሙቀቱ ከዚህ አያልፍም። የቀዶ ሕክምና መሣሪያን በድስት ቀቅሎ ጸዳ ማለት በባሕር ዳርቻም የማያስተማምን ሲሆን፣ በደጋ ደግሞ ይብሱን የማያስተማምን ይሆናል። ስፖሮች በ100 ዲግሪም አይበገሩምና።

ስለዚህ አውቶክሌቭ ያስፈልጋል። አውቶክሌቭ በእንፋሎት ግፊት የሙቀቱን ደረጃ ወደ 121 ዲግሪ ያወጣል። በዚህ ሙቀት ለመሣሪያዎች በተለምዶ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ በደረቅ አየር ግን 160 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ይጠይቃል። ልዩነቱ የመጣው ከእንፋሎት ድብቅ ሙቀት ነው። አንድ ግራም እንፋሎት ቀዝቃዛ ብረት ላይ ወደ ውሃ ሲለወጥ 2,200 ጁል ያህል ያራግፋል። አንድ ግራም አየር ግን በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው አንድ ጁል ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ብዙዎቹ የአውቶክሌቭ መመሪያዎች «ግፊቱን 103 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 15 ፒ.ኤስ.አይ. አድርስ» ይላሉ። በመሣሪያው ላይ ያለው ተራ የግፊት መለኪያ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በባሕር ጠለል 103 ሲደመር 101፣ ጠቅላላ ግፊቱ 204 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ይህም 121 ዲግሪ ይሰጣል። በአዲስ አበባ ግን 103 ሲደመር 76 ድምሩ 179 ብቻ ነው፤ የዚህ እንፋሎት ሙቀት ደግሞ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። መርፌው ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየ ሙቀቱ በአራት ዲግሪ ያህል ጎድሏል።

አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ሙቀትን ለሚቋቋሙ ስፖሮች በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት በየ10 ዲግሪው ቅናሽ የሚፈለገው ጊዜ በ10 እጥፍ ይጨምራል የሚል ነው። በዚህ ስሌት በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ በ117 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። መፍትሔው በአዲስ አበባ ከፍታ መለኪያውን ወደ 128 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 18.5 ፒ.ኤስ.አይ. ማድረስ ነው፤ መሣሪያው ይህን ግፊት እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ መሆኑ ግን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ካልተቻለ ጊዜውን ማርዘም ይገባል። ከሁሉም የሚሻለው በግፊት ሳይሆን በሙቀት መለኪያ መመራት ነው። በውስጡ የታመቀው አየርም አስቀድሞ መውጣት አለበት። አየር የተቀላቀለበት እንፋሎት ግፊቱን እያሟላ ሙቀቱን አያሟላምና።

የሚበር ጠብታ

ጋጣን በከፍተኛ ግፊት ውሃ መርጨት ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ጽዳት ነው። ነገር ግን ኃይለኛው ውሃ ፋንድያውን ወደ ረቂቅ ጠብታዎች ይበትነዋል። 0.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠብታ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መሬት ይደርሳል። 5 ማይክሮ ሜትር ብቻ የሆነው ግን ለዚያው ርቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ ጥቂት ነፋስ ካገኘም ወደ ጎረቤት ጋጣ ይሻገራል። እንስሳት ባሉበት ክፍል ውስጥ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ውሃና ብሩሽ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ የአልትራቫዮሌት መብራት በሰፊው ይሸጣል። መብራቱ በትክክል ይገድላል፤ ዳሩ ግን ብርሃን በቀጥታ መስመር የሚጓዝ በመሆኑ በጥላ ሥር፣ በስንጥቅ ውስጥና በቆሻሻ ሥር ያለውን አይነካም። ለዓይንና ለቆዳም ጎጂ ነው። ያልታጠበን ቤት የሚያጸዳ መብራት የለም።

ቅደም ተከተሉና ባለቤቱ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በተግባር ሲተረጎም አጭር ቅደም ተከተል ይሆናል። ፋንድያውንና ጉዝጓዙን መጥረግ፤ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ፤ ሳሙናውን አስለቅልቆ ማጠንፈፍ፤ በልኩ የተቀላቀለ መድኃኒት አፍስሶ ደቂቃውን መጠበቅ፤ በመጨረሻም አስለቅልቆ ማድረቅ። ሥራው ከላይ ወደ ታች፣ ከጤነኞቹ ጋጣ ወደ በሽተኞቹ መሄድ አለበት። ለተቅማጥ በሽተኞች የሚሠራበት ባልዲና መጥረጊያ ተለይቶ ምልክት ይደረግበት። በፊንጢጣ የሚገባው የሙቀት መለኪያ በአንድ እንስሳና በሌላው መካከል ሳይጸዳ አይለፍ። በበር ላይ የሚቀመጠው የጫማ መንከሪያ ደግሞ የሚጠቅመው ቦቲው መጀመሪያ በብሩሽ ከጭቃ ከጸዳና መድኃኒቱ ሳይደፈርስ ከተቀየረ ብቻ ነው።

ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ በሚመጣበት የወረዳ ክሊኒክ ይህ ሁሉ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በቅደም ተከተሉ ውስጥ እጅግ ውድ የሆነ ነገር የለም። ውሃ በሚያጥርበት ጊዜ ደረቁን ቆሻሻ አስቀድሞ በአካፋና በመጥረጊያ በደንብ ማንሣት የሚፈጀውን ውሃ ይቀንሳል። የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን ሥራውን የሚሠራው ሰው የሥራውን ምክንያት ማወቁ ነው።

በእንስሳት ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒቱን የሚለካው፣ ደቂቃውን የሚጠብቀውና ስንጥቁን መጀመሪያ የሚያየው ጽዳት ሠራተኛው ነው። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ በተቋሙ ውስጥ አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈለውና አነስተኛ ሥልጠና የሚያገኘው ነው። አሥር ደቂቃ ለምን አሥር ደቂቃ እንደሆነ ያልተነገረው ሰው በሁለት ደቂቃ ቢጨርስ የሚወቀሰው እርሱ ሊሆን አይገባም። መለኪያ ብልቃጥ፣ ሰዓት፣ ጓንትና የግማሽ ቀን ትምህርት ለእርሱ መስጠት የአንዲት የወተት ላም ዋጋ እንኳ አይፈጅም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ሆስፒታሉ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ብሩሹን ማንሣት ይበጃል።